የሕፃኑ መስቀል የጠቆረ ዕለት

በሉጥፊያ ሐውሽ፣ በግንብ በታጠረው ግቢ ውስጥ፣ ዘጠኝ ክፍል ነበረ፤ ዘጠኙም የቆርቆሮ ጣሪያ፣ ዘጠኙም ያበሻ ተከራይ። ባለቤቲቱ ሱዳናዊት ሉጥፊያ ከግንቡ ወዲያ በራሷ ቤት ትኖራለች። ዕለቱ ዓርብ ነው፤ ዓርብ ደግሞ በካርቱም ባሕሪ ሥራ የለም። የግንቦት ፀሐይ ግቢውን እንደ ምድጃ አግሎት፣ ሰው ሁሉ በየበሩ ጥላ ጥላውን ይዞ ተቀምጦ ሳለ ሸዋአለም ጮኸች።

ሸዋአለም የዘጠኝ ወር ልጇን ሚኪያስን በእርጥብ ጨርቅ ልታበርደው ሸሚዙን ብትገልጥ፣ በማተቡ ላይ የተንጠለጠለችውን የብር መስቀል እንደ ከሰል ጠቁራ አገኘቻት። ትናንት ነጭ ነበረች። ልጁ ከትናንት ማታ ጀምሮ እንደ እሳት ይፋጃል፤ ጡት አይዝም፤ ዓይኑን እየገለበጠ ይንቀጠቀጣል። እስከዚያች ደቂቃ ድረስ ጎረቤቱ ሁሉ ጥርስ ሊያወጣ ነው ሲል ነበር። መስቀሏ ከታየች ወዲህ ግን ጥርስ ያነሣ ሰው የለም።

ብር ዓይን ሲያርፍበት ይጠቁራል። ይህን ማንም ለማንም ማስረዳት አላስፈለገውም፤ ሁሉም ከእናቱ ጡት ጋር የጠባው ነገር ነው። የቀረው ጥያቄ አንድ ብቻ ነበር፤ ትናንት ልጁን ማን ያዘው?

ትናንት ልጁን የያዘችው ትንሣኤ ነበረች።

ይመኙሻል ከልብስ ማጠቢያ ሳፋዋ ላይ ብድግ አለች። ትንሣኤ የአሥራ አራት ዓመት ልጇ ናት፤ ሌላ ልጅ የላትም። ትናንት ሸዋአለም ዳቦ ልትገዛ ስትወጣ አደራ ብላት ሕፃኑን አዝላው ቆይታለች እንጂ ሌላ ያደረገችው የለም። ይመኙሻል ይህን ልትናገር አፏን ከፈተችና መልሳ ዘጋችው። ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት በመተማ በኩል ስትሻገር ከኋላዋ ትታው የመጣች የመሰላት ነገር መጥቶ ደጃፏ ቆመ።

አባቷ ባለእጅ ነበር። ማረሻ ይቀጠቅጣል፣ ማጭድ ይስላል። ቀን ማረሻውን የሚያሠራው ገበሬ ሲመሽ ከእነሱ ቤት ውኃ አይጠጣም፤ ልጆቹን ሲያይ የራሱን ልጅ በነጠላው ይሸፍናል። ይመኙሻል ያደገችው ሰው ፊቱን ሲያዞርባት እያየች ነው። ካርቱም ላይ ግን ይመኙሻል የትንሣኤ እናት ብቻ ሆነች፤ ዐማራት በሚባለው ሰፈር ቤት ታጸዳለች፣ ዓርብ ዓርብ በቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ከጎልማሶች ጋር ፊደል ትቆጥራለች፣ በቃ። ምስጢሩን ለአንድ ሰው ብቻ ተናግራለች። ሸዋአለም ሚኪያስን ስታምጥ ሌሊቱን ሙሉ እጇን ይዛት ነበርና፣ ሲነጋ፣ በደከመ አንጀት፣ እንዲሁ አምልጧት ነገረቻት። ሸዋአለምም ስቃ፣ እኔ እንዲህ ያለውን አላምንም እትዬ ይመኙ፣ ብላ ደረቷ ላይ ተደግፋ ነበር ያለቀሰችው።

አሁን የዚያችው የሸዋአለም ወንድም ጥጋቡ ከክፍሉ ወጣ። ጥጋቡ ከስምንት ወር በፊት የመጣ ጎልማሳ ነው፤ ካርቱም ሁለት በሚባለው ሰፈር በሚሠራ ሕንፃ ላይ ፌሮ ያጥፋል፣ ደላላው ለሊቢያ እስኪጠራው ይጠብቃል። ክፉ ሰው ነው የሚል አልነበረም። አገሩ ሳለ የበኩር ልጁ እንዲሁ እየተንቀጠቀጠ ሞቶበታል፤ ያን ጊዜም ጎረቤት ሁሉ ማን እንደበላው በጣቱ ሲጠቁም፣ እሱ አልደፍር ብሎ ቆሞ ቀርቷል። ዘንድሮ ቆሞ ሊቀር አልፈለገም።

መስቀሏን በመዳፉ ይዞ አያት። ከዚያ እህቱን አያት።

«ባለእጅ ነው አባቷ ያልሽኝ የቷን ነበር?»

የሸዋአለም ዓይን ሳታስበው ይመኙሻል ላይ አርፎ ወደ መሬት ወረደ። ግቢውም ሁሉ ወደ ይመኙሻል ዞረ። ይመኙሻል ያን አዟዟር ታውቀዋለች። ጎረቤቷ ለምለም በእቅፏ ያለውን ልጇን በሻርፗ ስትሸፍን አየች፤ ለምለም ትናንት ጨው የተበደረቻት ሴት ናት።

ጥጋቡ ትንሣኤን ከበሩ ላይ በጸጉሯ ይዞ አወጣት። እንዲህ ባለ ፍጥነት ያደርገዋል ብሎ ያሰበ ሰው አልነበረም። ልጅቱ በጉልበቷ ስትጎተት አሸዋው ላይ ሁለት መስመር ተሰመረ። ይመኙሻል ዘላ እጁን ነከሰችው፤ በክርኑ አፏን መታት። እንደገና ስትመጣበት ከግድግዳው ሥር የተጋደመውን የክንድ ርዝመት ፌሮ አንሥቶ በግራ ክንዷ ላይ አሳረፈው። አጥንቱ ሲሰበር ደረቅ እንጨት የተሰበረ ያህል ተሰማ። ሕመሙ ወዲያው አልመጣም፤ መጀመሪያ የመጣው እጇ ወደማይታጠፍበት ወገን መታጠፉን ማየት ነው።

«ተው እንጂ ጥጋቡ፣ የሴት ልጅ!» አሉ ጋሽ ዓለምነህ፣ የግቢው ሽማግሌ፣ ልባሽ ጨርቅ ነጋዴ። ከመቀመጫቸው ግን አልተነሡም።

ጥጋቡ የሚፈልገውን ተናገረ። ልጅቱ በሕፃኑ ላይ እንትፍ ትበልበት፤ እኔ ነኝ የበላሁት ትበል፤ ከዚያ ግንባሯ ይተኮሳል። ግንባሯ ከተተኮሰ ዓይኗ ይከስማል፣ ልጁም ይለቀቃል። በአገሩ ሲደረግ ሰምቷል። ሁለት አብረውት የሚሠሩ ጎረምሶች ትንሣኤን ክንድና ክንዷን ያዙ። እሱ ፌሮውን ከሰሉ የተያያዘ ምድጃ ውስጥ ሰካው፤ በጎን ባለው ሌላ ምድጃ ላይ ለልብስ የተጣደ ውኃ ይፍለቀለቃል።

ፖሊስ የሚጠራ አልነበረም። ከዘጠኙ ክፍል ኢቃማ፣ የመኖሪያ ፈቃድ፣ ያለው ሁለት ሰው ነው፤ ፖሊስ ከመጣ ሁሉንም ጭኖ ይሄዳል።

ይመኙሻል በአንድ እጇ ሌላውን ደግፋ ተንበርክካ አሰበች። ልጅቱ አዎ ካለች ቃሉ ዛሬውኑ ቤተ ክርስቲያን ይደርሳል፣ ነገ ትምህርት ቤት ይደርሳል፤ ጠባሳውም ግንባር ላይ ነው፣ በሻርፕ አይሸፈን። አይደለም ካለች ፌሮው ይግላል። ልጇን ከዚህ ዕጣ ልታወጣ ነበር በረሃ ያቋረጠችው።

«እማዬ፣ ቅባቱ!» አለች ትንሣኤ።

ጎረምሶቹ ጠመዘዟት፤ እሷ ግን ዓይኗን ከሕፃኑ ደረት አልነቀለችም። ሕፃኑ ሙቀት አሽፍቶበት ስለነበር ሸዋአለም ከሱቅ በትንሽ ብልቃጥ ቢጫ ቅባት ገዝታ ደረቱን በሙሉ ቀብታዋለች። መስቀሏም ሌሊቱን ያደረችው በዚያ ቅባት ውስጥ ነው።

«ያዕኒ፣ ዲን ነው ያለበት» አለች ልጅቱ፣ ካርቱም ባደገ አማርኛዋ እየተንተባተበች። «ብር በዲን ይጠቁራል። መምህር ጥዑመልሳን አሳይቶናል። ኦክሲዴሽን ነው። ዓይን አይደለም።»

ጥጋቡ በመዳፉ ጀርባ አፏን መታት። ደም በአገጯ ወረደ።

ይመኙሻል ግን ሰምታለች። ያለፈው ዓርብ ከፊደል ትምህርቷ ስትመለስ የልጇን ደብተር ይዛ ማንበብ ተለማምዳ ነበር፤ ቃሉ ከበዳትና፣ ይህ ኦክሲዴሽን የምትይው ምንድን ነው፣ ብላ ጠይቃለች። ልጅቱም እንዲህ ብላ አስረዳቻት። በእያንዳንዱ ነገር ውስጥ ኤሌክትሮን የሚባል ከዓይን የደቀቀ ነገር አለ። ሁለት ነገሮች ሲገናኙ አንዱ ይሰጣል፣ አንዱ ይቀበላል። መስጠቱ ኦክሲዴሽን ነው፤ መቀበሉ ሪዳክሽን። ሰጪ ሳይኖር ተቀባይ የለም፣ ተቀባይም ሳይኖር ሰጪ የለም፤ ሁልጊዜ አብረው ናቸው። ብረት ሲዝግ በአየር ውስጥ ላለው ኦክስጅን ኤሌክትሮኑን እየሰጠ ነው የሚያልቀው። ብር ዲን ሲነካው ለዲኑ ይሰጥና ሁለቱ ተጣብቀው ጥቁር ይሆናሉ። ታዲያ የሰጠ ተመልሶ አያገኝም ወይ፣ ብላ ይመኙሻል ጠየቀች። ያገኛል፣ አለች ልጅቱ፣ ከእሱ የበለጠ ለጋስ ከተገኘ። አሉሚኒየም ከብር ይልቅ ለጋስ ነው። ሁለቱን አነካክተሽ በፈላ ጨዋማ ውኃ ውስጥ ስታስገቢያቸው አሉሚኒየሙ ይሰጣል፣ ብሩ ይቀበላል፣ ጥቁረቱም ይለቀዋል። ይመኙሻልም በእርሳስ፣ በተንጋደደ ፊደል፣ ለራሷ ጽፋው ነበር።

በጉልበቷ ተነሣች። «መስቀሏን ስጠኝ» አለችው። «ልጄ ካጠቆረቻት እኔ አነጣታለሁ። ካልነጣች የፈለግኸውን አድርግ።»

ጥጋቡ አልሰጣትም፤ ጋሽ ዓለምነህ ግን አሁን ተነሥተው ከእጁ ወሰዱና ሰጧት። ሸዋአለምም ለማየት ሕፃኑን ይዛ ቀረብ አለች። ይመኙሻል ከክፍሏ የአሉሚኒየም ድስቷን፣ ጨው፣ ፉሉ ቶሎ እንዲበስል የምትጨምረውን አትሩን የሚባል የድንጋይ ጨው አመጣች። በአንድ እጅ ይህን ሁሉ ስታደርግ የተሰበረው ክንዷ ከጎኗ ይወዛወዛል፤ ላቧ ድስቱ ውስጥ ይንጠባጠባል። ከፈላው ውኃ ከፊሉን ገለበጠችበት፤ መስቀሏን ከድስቱ ወለል ጋር እንድትነካካ አድርጋ ጣለቻት። ውኃው አረፋ አወጣ። የገማ እንቁላል ሽታ ግቢውን ሞላው፤ ለምለም አፍንጫዋን ያዘች። ጥቂት ቆይታ በማንኪያ ብታወጣት መስቀሏ ነጭ ነበረች።

ጋሽ ዓለምነህ አማተቡ።

ይመኙሻል እፎይ ልትል ነበር። ነገር ግን የሰዎቹን ፊት አየች። ማንም አልቀረባትም፤ ይልቁንም ሁሉም አንዳንድ እርምጃ ወደ ኋላ ሸሽቷል።

«አያችሁ?» አለ ጥጋቡ፣ በዝግታ። «ልጅቱ አጠቆረች፣ እናቲቱ አነጣች። ከባለእጅ ልጅ በቀር ብረት የሚታዘዘው ለማን ነው? እንግዲህ ሌላ ምስክር የሚፈልግ አለ?»

የሚፈልግ አልነበረም። ይመኙሻል የሠራችው ስሕተት ያን ጊዜ ገባት፤ በገዛ እጇ ማድረጓ ነው። ሰው ሁሉ የሚፈራው ያን እጅ ነበር፤ እሷም እጁን አሳየቻቸው። ፌሮው ጫፉ ቀልቷል።

«ሸዋ» አለች። «እኔ አልነካም፤ ልጄም አትነካም፤ ፊታችንን ወደ ግድግዳ እናዞራለን። የጣትሽ ቀለበት ብር ነው። አውልቂውና ያንኑ ቅባት ቀቢው፣ ፀሐይ የሚመታው ቆርቆሮ ላይ አስቀምጪው። አንቺው ራስሽ። ካልጠቆረ ልጄን እኔው ይዤ አስተኩሳታለሁ።»

ሸዋአለም ወንድሟን አየች። «አንቺን ደግሞ ልታደነዝዝሽ ነው፣ ግቢ» አላት። አልገባችም። ሕፃኑን ለለምለም ሰጥታ ቀለበቷን አወለቀች፤ በቅባቱ ለውሳ እንደ ምጣድ የጋለው ቆርቆሮ ላይ አኖረችው። ይመኙሻልም ግንባሯን ግድግዳው ላይ ደፍታ ቆመች። ከኋላዋ የሚሆነውን በጆሮዋ ብቻ ትከተላለች።

የሰማችው የልጇን ጩኸት ነው።

ጥጋቡ ቀለበቱን ሊጠብቅ አልፈቀደም። ፌሮውን በጨርቅ ጠቅልሎ አውጥቷል፤ አንዱ ጎረምሳ የትንሣኤን ጸጉር ወደ ኋላ ስቦ ግንባሯን ወደ ሰማይ አቅንቶታል። ይመኙሻል ዞረች። ከምድጃው ላይ ግማሹ የቀረው የፈላ ውኃ ቅርቧ ነበር። አላሰበችም፤ በደህና እጇ የፈላበትን ዕቃ ጆሮ ይዛ በሙሉ በጥጋቡ እግር ላይ ደፋችው። መዳፏ ተላጠ። እሱ እንደ በሬ አጓራና ወደቀ፤ ፌሮው ከእጁ ወጥቶ አሸዋው ላይ ጢሱን እየተፋ ተንከባለለ። ጎረምሶቹ ቢደነግጡም ልጅቱን አልለቀቁም። ጥጋቡ ግን በጉልበቱ እየዳኸ መጥቶ ይመኙሻልን በእግሯ ጎትቶ ጣላትና በጡጫ ፊቷን ይቀጠቅጣት ጀመር። እየመታ ያለቅስ ነበር። «ቆሜ አላይም» ይላል፤ «ዘንድሮ ቆሜ አላይም።» በአንዱ ዓይኗ ማየት አቆመች። በሌላው የምታየው ሰማዩን ብቻ ነው፤ ነጭ፣ ደመና የሌለበት።

ከዚያ ጡጫው ቆመ።

ሸዋአለም ከኋላው ሸሚዙን ጨምድዳ ይዛዋለች። በሌላ እጇ ቀለበቷን ፊቱ ላይ ደቅናለች። ቀለበቱ ቡና መስሎ፣ ከዚያም ጠቁሮ፣ ጠርዙ ላይ ሰማያዊ ነገር አውጥቷል።

«እኔ ነኝ የቀባሁት» አለች። «ማንም አልነካውም፣ ማንም አላየውም። እኔንስ ማን ናት የበላችኝ?»

«እሷ እያየች…»

«ፊቷ ግድግዳ ላይ ነበር። እኔ አይቻታለሁ።» ከአሸዋው ላይ ፌሮውን በቀሚሷ ጫፍ አነሣችው፤ ቀሚሱ ጨሰ። «እንካ። መጀመሪያ እኔን ተኩስ። ልጄን ዲን የቀባሁት እኔ ነኝ፤ የሰው ምስጢር አውጥቼ የሰጠሁህም እኔ ነኝ። ተኩስ እንጂ።»

ጥጋቡ ፌሮውን አልተቀበለም። ጎረምሶቹ የትንሣኤን ክንድ ለቀቁ፤ አንዱ እጁን ሱሪው ላይ ጠረገ። ማንም ይቅርታ አላለም። ለምለም ሕፃኑን ይዛ እንደቆመች፣ ልጁ እንደገና ዓይኑን ገልብጦ ተወጠረ፤ ከንፈሩም ሰማያዊ ሆነ።

በዚህ መካከል ሉጥፊያ ጩኸቱ ግንቡን ተሻግሮ ስለ ደረሳት በሩን በርግዳ ገባች። ደሙን አየች፣ ፌሮውን አየች፣ ሕፃኑን አየች። ግንባሩን በእጇ ጀርባ ነክታ ማንን እንደምትሰድብ ሳትለይ ሁሉንም በአንድነት ሰደበች። «መጃኒን» አለች፣ «እብዶች፤ ልጁ ወባ ይዞት እየነደደ እናንተ እዚህ ብረት ታግላላችሁ?» በሩን ክፍት ትታ ሄዳ ከመንገድ አንድ ረክሻ፣ ባጃጅ መሳይ ባለሦስት ጎማ፣ እየጎተተች ይመስል አምጥታ ግቢው ደጃፍ አቆመች። ያላ፣ ያላ፣ እያለች ሸዋአለምን ገፍትራ አስገባቻት፤ የይመኙሻልንም ክንድ አይታ እሷንም ገፍትራ አስገባቻት። ትንሣኤ እናቷን አልለይም ብላ ተከተለች። ጥጋቡ የተላጠ እግሩን ይዞ አሸዋው ላይ ቀረ፤ ጋሽ ዓለምነህ ቀዝቃዛ ውኃ ያፈስሱለት ነበር።

የረክሻው ወንበር ሁለት ሰው በጭንቅ ይይዛል፤ ሦስቱ ተጠቀጠቁበት። ሸዋአለም ሕፃኑን ታቅፋ መካከል ሆነች። አስፋልቱ ጉድጓድ ነው፤ በየጉድጓዱ የይመኙሻል አጥንት እርስ በርሱ ይፋጫል፤ እሷም ከንፈሯን ትነክሳለች። ሕፃኑ እንደሚተርፍ ያን ጊዜ የሚያውቅ አልነበረም። ወባ ነበር፤ ተረፈም። ረክሻው ውስጥ ግን በየደቂቃው ይወጠራል፣ ይዝላል፣ ይወጠራል። የሸዋአለም ክንዶች ከዷት፤ ልጁም ወደ ጉልበቷ ተንሸራተተ።

«ትንሣኤ፣ ያዢልኝ የኔ ልጅ» አለች ሸዋአለም። «እጄ አልታዘዝ አለኝ።»

ትንሣኤ እጇን ዘረጋች።

«አትንኪው» አለች ይመኙሻል።

ትንሣኤ ወደ እናቷ ዞረች። የይመኙሻል አንድ ዓይን ተዘግቷል፤ የቀረው ግን እንባ አላዘለም፣ አልለመነም። የሸዋአለም እንባ ሕፃኑ ላይ ወረደ። ልጅቱ እጆቿን ቀስ ብላ ሰበሰበችና ብብቷ ሥር ቀበረቻቸው።

ይመኙሻል የተላጠ መዳፏን በሸዋአለም ክርን ሥር አስገብታ ወደ ላይ ደገፈችው፤ ሕፃኑን ሳይሆን የእናቱን ክንድ። ክንዱ ጸና፤ ልጁም ከመንሸራተት ቆመ። እስከ ሆስፒታሉ በር ድረስ ሁለቱ ሴቶች እንዲሁ ተያይዘው ሄዱ።